አንድ በርበሬ፣ ሁለት ውጤት፦ 3.1 እና 14። ኤችፒኤልሲ የሚለካው ምኑን ነው?

ዛላ ነጋዴ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ወዳጆች። ከማረቆና ከሐላባ ዛላ በርበሬ እየገዛሁ፣ ሳላስፈጭ ወደ አውሮፓ የምልክ ነጋዴ ነኝ። በቅርቡ አንድ ጭነት ከመነሳቱ በፊት እዚሁ አገር ውስጥ ተመርምሮ «አፍላቶክሲን ቢ1፦ በኪሎግራም 3.1 ማይክሮግራም» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ፤ አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚሠራው መርዝ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የሚፈቅደው እስከ 5 ስለሆነ ልቤን ጥዬ ላክሁት። ወደብ ላይ እንደገና ናሙና ተወሰደና 14 ወጣ። ጭነቱ ታገደ።

ሁለቱም ወረቀቶች ላይ የተጻፈው ዘዴ አንድ ነው፤ «ኤችፒኤልሲ በፍሎረሰንስ» ይላሉ። ታዲያ አንዱ መሣሪያ ተሳስቷል ማለት ነው? ደግሞስ ከአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ፣ ያን ሁሉ ቀለም፣ ቅባትና የሚያቃጥል ነገር አልፎ፣ ከግራም ሚሊዮንኛ የሚቆጠር መርዝ እንዴት ያገኛል? ኬሚስት አይደለሁም። ነገር ግን ገንዘቤ የተንጠለጠለበት ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ። አሳጥራችሁ ሳይሆን ሙሉውን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ኮለም ጠባቂ

ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ። የምግብ ቤተ ሙከራ ውስጥ የዕለት ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ሙሉውን ለማለት እሞክራለሁ። ኤችፒኤልሲ ፈሳሽን በግፊት እየገፋ የተቀላቀሉ ውህዶችን የሚለይ የክሮማቶግራፊ (የመለያ) ዘዴ ነው፤ ፍሎረሰንስ ደግሞ ውህዱ ብርሃን ውጦ የሚመልሰው የራሱ ብርሃን ነው።

በበርበሬ ውስጥ የምንፈልጋቸው አፍላቶክሲኖች አራት ናቸው፤ ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1 እና ጂ2። የሚሠሯቸው በተለይ አስፐርጊለስ ፍላቨስና አስፐርጊለስ ፓራሲቲከስ የሚባሉ ሻጋታዎች ናቸው። አራቱ እጅግ ይመሳሰላሉ። ቢ1 እና ቢ2 የሚለያዩት በሁለት የሃይድሮጅን አቶም ብቻ ነው፤ ጂዎቹ ከቢዎቹ በአንድ ኦክስጅን ይበልጣሉ። ጉዳታቸው ግን እኩል ስላልሆነ ሕጉ ለቢ1 ብቻውን 5፣ ለአራቱ ድምር ደግሞ 10 ማይክሮግራም በኪሎ ብሎ ይወስናል። ስለዚህ መለየት ግድ ነው።

የመለየቱ ሥራ የሚሠራው ኮለም በሚባለው የብረት ቱቦ ውስጥ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 4.6 ሚሊሜትር ይሆናል። ውስጡ 5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ስፋት ባላቸው የሲሊካ እንክብሎች ጥቅጥቅ ብሎ ተሞልቷል። በእንክብሎቹ ገጽ ላይ 18 ካርቦን የሚረዝሙ ሰንሰለቶች ተተክለዋል፤ ስለዚህ ገጹ የቅባት ባሕርይ አለው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የውሃ፣ የሜታኖልና የአሴቶኒትራይል ድብልቅ ይፈስሳል። መተላለፊያው በጣም ጠባብ ስለሆነ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ለማሳለፍ ፓምፑ ከ100 ባር በላይ መግፋት ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። ከበርበሬው የወጣው ፈሳሽ ጥቂት ማይክሮ ሊትር ወደዚህ ፍሰት ሲገባ፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል ወይ በፈሳሹ ውስጥ ነው፣ ወይ በእንክብሉ ገጽ ላይ አርፏል። በፈሳሹ ውስጥ ሲሆን ይጓዛል፤ ገጹ ላይ ሲያርፍ ይቆማል። ከአንዱ ወደ ሌላው እልፍ ጊዜ ይመላለሳል። ውሃ የሚወድ ሞለኪውል ገጹ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ያንሳል፤ ቅባት የሚወድ ግን ይበዛል። የአንዷ ማረፊያ ልዩነት ከቁጥር የማትገባ ብትሆንም በኮለሙ ርዝመት ስትደማመር የደቂቃ ልዩነት ትሆናለች። በተለመደው አሠራር ጂ2 ቀድሞ ይወጣል፤ ጂ1 ይከተላል፤ ከዚያ ቢ2፤ ቢ1 መጨረሻ ላይ ይመጣል። የእያንዳንዱ መውጫ ሰዓት መታወቂያው ነው።

ዛላ ነጋዴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለዚህ እንደ ወንፊት ነው ልበል? ደቃቁ ያልፋል፣ ትልቁ ይዘገያል?

ኮለም ጠባቂ

አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ስለሚያስብ ባነሱት ደስ ብሎኛል። ሞለኪውላዊ ክብደታቸው ቢ1 312፣ ቢ2 314፣ ጂ1 328፣ ጂ2 330 ነው። ወንፊት እነዚህን አይለያቸውም። ይባስ ብሎ ከበድ የሚሉት ጂዎቹ ናቸው ቀድመው የሚወጡት፤ የተጨመረው ኦክስጅን ወደ ውሃው ወገን ስለሚስባቸው። የሚለያቸው መጠናቸው አይደለም፤ ከፈሳሹና ከገጹ የትኛውን ይበልጥ እንደሚወዱ ነው። በመጠን የሚለይ የክሮማቶግራፊ ዓይነት አለ፤ ይህ ግን እሱ አይደለም።

ብርሃን ለኪ

መለየቱን ወንድማችን በሚገባ አስረድቷል። ስለ መለካቱ እኔ ልጨምር።

ከኮለሙ የሚወጣው ፈሳሽ በትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሲያልፍ 365 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። አፍላቶክሲን ይህን ብርሃን ውጦ ከ435 እስከ 450 ናኖሜትር አካባቢ የራሱን ብርሃን ይመልሳል። የተመለሰው ብርሃን በኮምፒውተሩ ላይ ጉብታ ሆኖ ይሳላል፤ እኛ ፒክ እንለዋለን። ጉብታው የታየበት ደቂቃ «ማን ነው» ለሚለው፣ የጉብታው ስፋተ ቦታ ደግሞ «ምን ያህል ነው» ለሚለው መልስ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ውሃ በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ቢ1 እና ጂ1 ብርሃናቸው እጅግ ይደክማል፤ ቢ2 እና ጂ2 ግን አይደክሙም። ስለዚህ ከኮለሙ በኋላና ከመለኪያው በፊት፣ ወይ በብሮሚን ወይ በጠንካራ አልትራቫዮሌት መብራት ሁለቱን ደካሞች ወደሚያበራ ውህድ የሚቀይር ክፍል ይገጠማል። ይህ ክፍል ሲደክም ቢ2 ደህና እየተነበበ ቢ1 ብቻ ዝቅ ይላል። ስታንዳርዱ፣ ማለትም መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ አፍላቶክሲን፣ በየዕለቱ ካልተለካ ደግሞ ማንም አያስተውለውም። የሰዎች ጉበት የሚጎዳው በተለይ በዚሁ በቢ1 በመሆኑ ይህን ቸል ማለት ያስቆጣኛል።

ስለ ቀለሙና ስለ ቅባቱ ለጠየቁት፦ ያ ሁሉ ወደ ኮለሙ አይገባም። የተፈጨው በርበሬ በሜታኖልና በውሃ ድብልቅ ይናጣል፤ ይጣራል፤ ከዚያ አፍላቶክሲንን ብቻ መርጠው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት በተተከሉበት ትንሽ ቱቦ ያልፋል። ቀለሙና የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በአብዛኛው ታጥቦ ይሄዳል። የተያዘው አፍላቶክሲን በንጹህ ሜታኖል ይለቀቃል።

ዛላ ነጋዴ

ይህን ያህል ከተለፋበት ልዩነቱ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። የእኔን 3.1 ወስዳችሁ እስቲ ከመሣሪያው እስከ ወረቀቱ እንዴት እንደመጣ አስሉልኝ።

ኮለም ጠባቂ

በደስታ። የቤተ ሙከራውን አሠራር ስለማላየው በተለመደ አካሄድ ላስላው።

25 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ተናጠ እንበል። ከተጣራው 10 ሚሊ ሊትር ተወሰደ፤ ይህ 2.5 ግራም በርበሬን ይወክላል። በፀረ እንግዳ አካላቱ ቱቦ አልፎ በመጨረሻ 2 ሚሊ ሊትር ሆነ። በኪሎ 3.1 ማይክሮግራም ማለት በግራም 3.1 ናኖግራም ነው፤ ስለዚህ በ2.5 ግራም ውስጥ 7.75 ናኖግራም አለ። ለ2 ሲካፈል በሚሊ ሊትር 3.9 ናኖግራም ገደማ ይሆናል። ከዚህ 50 ማይክሮ ሊትር ወደ ኮለሙ ቢገባ፣ መሣሪያው ያየው ከአንድ ናኖግራም አንድ አምስተኛ ያህሉን ነው። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው።

መሣሪያው ግን «3.9» ብሎ አይናገርም። የሚሰጠው የጉብታውን ስፋተ ቦታ ብቻ ነው። ስፋተ ቦታውን ወደ መጠን የምንተረጉመው መጠናቸው በሚታወቅ ስታንዳርዶች ነው፤ ለምሳሌ በሚሊ ሊትር 0.5፣ 1፣ 2፣ 5 እና 10 ናኖግራም የያዙ አምስት ጠርሙሶች ይለኩና መስመር ይሠመራል። ስታንዳርዱ በስህተት ከተቀጠነ ወይም በብርሃን ከተበላሸ መሣሪያው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ቁጥሩ ሁሉ አብሮ ይጣመማል። የእርስዎ 14 ደግሞ በዚሁ አሠራር 17.5 ስለሚሆን ከመስመሩ ጫፍ ያልፋል፤ ፈሳሹ ተቀጥኖ እንደገና መለካት አለበት እንጂ መስመሩን በግምት ማስረዘም አይፈቀድም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ወረቀቱ ላይ «ሪከቨሪ» የሚል ቁጥር አለ? በሂደቱ ሁሉ መሃል የሚጠፋ አፍላቶክሲን ስላለ፣ ንጹህ መሆኑ በታወቀ በርበሬ ላይ የታወቀ መጠን ጨምረን ስንት በመቶው እንደተመለሰ እንለካለን።

ዛላ ነጋዴ

የአገር ውስጡ ወረቀት ስለ ሪከቨሪ ምንም አይልም። የውጭው 86 በመቶ ይልና «ተስተካክሏል» ብሎ ጽፏል።

ኮለም ጠባቂ

እንግዲያው አንድ ልዩነት ተገኘ፤ ግን አይበቃም። የመጀመሪያው ቤተ ሙከራ ሪከቨሪ 70 በመቶ ብቻ ነበር ብንል እንኳ 3.1 ሲስተካከል 4.4 ነው የሚሆነው። ከ4.4 ወደ 14 የሚያደርስ ነገር ከኮለሙ ውጭ መፈለግ አለበት። ናሙናው እንዴት ተወሰደ?

ዛላ ነጋዴ

ቤተ ሙከራው ድረስ የወሰደው የመጋዘኑ ሠራተኛ ነው። ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ደጃፉ አጠገብ ካሉ ጥቂት ጆንያዎች።

ሮተርዳም ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ሆላንድ ውስጥ በወደብ የምግብ ናሙና ከሚወስዱ ሰዎች ጋር እሠራለሁ። ጋሼ፣ መልሱ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ሻጋታ በጭነቱ ውስጥ እኩል አይሠራጭም። እርጥበት ባገኘበት ጆንያ፣ በተሰነጠቀ ዛላ ውስጥ ይበቅላል፤ ጎረቤቱ ንጹህ ሆኖ ይቀራል። በምሳሌ ላስላው። አንድ ዛላ 2 ግራም ይመዝናል እንበል፤ የተበከለው አንድ ዛላ 20 ማይክሮግራም ቢ1 ይዟል እንበል። የጭነቱ አማካይ 14 እንዲሆን በየ1.4 ኪሎው አንድ እንዲህ ያለ ዛላ ቢገኝ ይበቃል። ከዚህ ጭነት ግማሽ ኪሎ ብትወስዱ፣ የተበከለ ዛላ ጨርሶ የማታገኙበት ዕድል 70 በመቶ ገደማ ነው። ከአሥር ናሙና ሰባቱ ጭነቱን ንጹህ ያስመስሉታል። አንዱን ዛላ ካገኛችሁት ደግሞ ውጤቱ 40 ይሆንና በተቃራኒው ያስደነግጣችኋል።

ለዚህ ነው በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለትልቅ የቅመም ጭነት 100 ከሚሆኑ ቦታዎች ጥቂት ጥቂት ተወስዶ በድምሩ 10 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚሰበሰበው። በ10 ኪሎ ውስጥ ከላይ ባለው ምሳሌ ሰባት ያህል የተበከሉ ዛላዎች ይገኛሉ፤ ውጤቱም ወደ እውነተኛው አማካይ ይጠጋል። ስለዚህ ሁለቱም መሣሪያዎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ የጥቂት ጆንያ ውጤት ነው፤ ሌላው የጭነቱ።

ጥርጣሬ አለኝ

ይህ ሁሉ ማብራሪያ ያምራል። ነገር ግን የእኛን ምርት ላለመግዛት ሲፈልጉ ቁጥር እንደሚያስወጡ ለምን አንናገርም? ከኢትዮጵያ የሚሄድ በርበሬና ዝንጅብል ለአፍላቶክሲን ተጨማሪ ፍተሻ ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ያውቃል። ለምን እኛ?

ሮተርዳም ነዋሪ

ቁጣዎ ይገባኛል፤ የገበሬው ላብ ነው የሚመለሰው። ነገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የብዙ አገሮች ምርቶች አሉ፤ የሚገቡትም የሚወጡትም ቀደም ባሉ ፍተሻዎች ውጤት ነው። ሁለት ነገሮች ደግሞ ለነጋዴው ይቆማሉ። አንደኛ፣ ጭነት የሚታገደው ውጤቱ በሪከቨሪ ተስተካክሎ፣ የመለኪያው የስህተት ክልል ተቀንሶለት እንኳ ከጣሪያው ሲያልፍ ነው። 5.5 ወጥቶ የስህተት ክልሉ 1.0 ቢሆን ጭነቱ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ከተፈጨው ናሙና ለባለንብረቱ የመከራከሪያ ድርሻ ይቀመጣል። ጋሼ በሌላ ቤተ ሙከራ እንዲለካ መጠየቅ ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። 14 ግን በስህተት ክልል የሚወርድ አይመስለኝም።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ

በዚሁ ክር ላይ የራሴን ጥያቄ ባስገባ ይቅርታ። በበርበሬ ላይ የመመረቂያ ጥናት እየሠራሁ ነው። ጠዋት ቢ1 በ11.2 ደቂቃ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ 10.4 ላይ አገኘዋለሁ። በመውጫ ሰዓቱ የሚታወቅ ከሆነ ይህ ምን ያህል ያሰጋኛል?

ብርሃን ለኪ

እህቴ፣ ያሰጋሻል፤ ግን መንስኤውን በአንድ ምልከታ ማጥበብ ትችያለሽ። ኮለሙ ላይ ጨርሶ የማይቆይ ነገር የሚወጣበትን የመጀመሪያውን ትንሽ ጉብታ ተመልከቺ። እሱም በተመሳሳይ መጠን ቀድሞ ከሆነ የፍሰቱ ፍጥነት ተለውጧል፤ ፓምፑን መርምሪ። እሱ በቦታው ቆሞ ሌሎቹ ብቻ ከቀደሙ ጥፋቱ የሙቀት ወይም የፈሳሹ ውህደት ነው። ክፍሉ ከሰዓት ሲሞቅ ጉብታዎቹ ይቀድማሉ። የሜታኖሉ ጠርሙስ ክፍት ሆኖ ቢተንን ግን ይዘገዩ ነበር እንጂ አይቀድሙም። ስለዚህ የእኔ ግምት ሙቀት ነው። ኮለሙን በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ በ40 ዲግሪ አጽኚው፤ ስታንዳርዱንም ከናሙናዎቹ በፊት ብቻ ሳይሆን በመካከልና በመጨረሻም ልኪ። ጉብታው አጠራጣሪ በሆነ ቁጥር ደግሞ በናሙናው ላይ ጥቂት ስታንዳርድ ጨምረሽ እንደገና አስገቢ፤ ያው ጉብታ ሳይሰነጠቅ ካደገ ቢ1 የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ዩኒቨርሲቲሽ ማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችንና ስባሪዎቻቸውን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ) ካለው ቢ1 በ313 ገብቶ ወደ 285 እና 241 ሲሰበር ማየት ከሁሉ የበለጠ ማረጋገጫ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ

የመጀመሪያው ጉብታ አልተነቃነቀም። ማሞቂያ ሳጥኑ ለካ ጠፍቶ ነበር። በጣም አመሰግናለሁ።

ቨርጂኒያ ያለች እናት

እኔ ነጋዴም ኬሚስትም አይደለሁም። ከአገር ቤት የሚላክልኝን በርበሬ ለልጆቼ ወጥ እሠራበታለሁ። ረጅም ሰዓት ሲንተከተክ መርዙ አይጠፋም?

ኮለም ጠባቂ

እመቤቴ፣ አይጠፋም። አፍላቶክሲን ሙቀት ይችላል፤ ቢ1 የሚቀልጠው ከ260 ዲግሪ በላይ ነው፤ ወጥ ደግሞ ከ100 ብዙም አያልፍም። መከላከያው ከማሰሮው በፊት ነው። ዛላው ሲላክልዎ የሻገተውን፣ የጠቆረውን፣ ውስጡ ግራጫ ዱቄት ያለበትን ለቅመው ይጣሉ፤ ከማስፈጨትዎ በፊት። ከተፈጨ በኋላ ግን በዓይን የሚለይ ነገር የለም። የተፈጨውንም ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።

ጥርጣሬ አለኝ

እሺ። ቢያንስ ርካሹ ኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካላት የሚሠራ ፈጣን ምርመራ) ወይም ተነክሮ የሚነበበው ስትሪፕ መጋዘን ውስጥ ቢሠራበት አይበቃም? ኮለምና አሴቶኒትራይል ውድ ነው።

ብርሃን ለኪ

ለማጣራት ይጠቅማል፤ እንዲያውም ከግዢ በፊት በየመንደሩ ቢሠራበት እወዳለሁ። ነገር ግን አራቱን አይለያቸውም፤ አንድ ድምር ነው የሚሰጠው። የበርበሬ ቀለምም ያስቸግረዋል፤ ለበቆሎ የተዘጋጀ ስትሪፕ በበርበሬ ላይ ሳይሞከር መታመን የለበትም። በስትሪፕ ያለፈውን ጭነት በኤችፒኤልሲ ማረጋገጥ ነው አካሄዱ።

የታሪክ ወዳጅ

ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል። አፍላቶክሲን የታወቀው በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ ነው፤ መንስኤው ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ መኖ ነበር። ያኔ የሚለየው በስስ ሽፋን ሳህን ላይ ተደርጎ በአልትራቫዮሌት መብራት በዓይን እየታየ ነበር። ቢዎቹ ሰማያዊ፣ ጂዎቹ አረንጓዴ ይበራሉ። የዘዴው አባት ግን ሚኻኢል ጽቬት ነው፤ በ1903 ዋርሶ ላይ የቅጠል ቀለሞችን በዱቄት በተሞላ ቱቦ አሳልፎ ለይቶ ያቀረበው። ለፈሳሽ ክፍፍል ዘዴያቸው ማርቲንና ሲንጅ በ1952 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ዛላ ነጋዴ

ከልብ አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው ጭነት ምን ልጠይቅ፣ ምን ላድርግ? እዚህ ብትጨርሱልኝ።

ሮተርዳም ነዋሪ

ከመጋዘን ይጀምሩ። በአንዳንድ ቦታ ዛላው እንዳይሰባበር፣ ክብደትም እንዲጨምር ውሃ ይረጭበታል፤ እንዲህ ያለውን አይግዙ። የእርጥበት መለኪያ ይዘው ይሂዱ፤ ከ10 በመቶ ገደማ በላይ የሆነውን ይመልሱ ወይም ያድርቁ፤ ሲያደርቁም መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በአልጋ ላይ ይሁን። ናሙናው ከሁሉም ጆንያ፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም ይወሰድ። የሚወስደውም በጭነቱ ጥቅም የሌለው ሰው ቢሆን ይሻላል።

ኮለም ጠባቂ

ቤተ ሙከራውን ደግሞ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ በአይሶ 17025፣ በቤተ ሙከራዎች ብቃት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ዕውቅና አለው ወይ፣ ካለውስ ዕውቅናው አፍላቶክሲንን በበርበሬ ውስጥ መለካትን በስም ይጨምራል ወይ? ለበቆሎ ብቻ የተሰጠ ዕውቅና ለእርስዎ አይሆንም። ሪከቨሪውና የስህተት ክልሉ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ክሮማቶግራሙን፣ ማለትም የጉብታዎቹን ሥዕል፣ ከስታንዳርዱ ጋር እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ሥራውን የሚያከብር ቤተ ሙከራ አይደብቀውም።

ከሁሉ በላይ አምጥተው የሰጡት 10 ኪሎ በሙሉ እንዲፈጭ ይስማሙ። ካመጡት ላይ አንድ እፍኝ ብቻ ዘግኖ የሚፈጭ ከሆነ በመጋዘን የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የሚቻል ከሆነ የተፈጨው በውሃ ተበጥብጦ እንደ ሊጥ ይደረግና 25 ግራሙ ከዚያ ይወሰድ፤ ከደረቅ ዱቄት ይልቅ እኩል ይዋሐዳል። በዚህ ጊዜ ግን የተጨመረው ውሃ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ ውጤቱ በግማሽና ከዚያም በታች ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህንንም ሲረከቡ ይጠይቋቸው።